መስታወት ይሳሳታል

ኢያቄም ሁልጊዜ ከእኔ በፊት ይነሳ ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ውሃ ይጥዳል፤ ሻዩን ያለ ስኳር ይጠጣል፤ ከዚያ ሦስት መሮዎቹን በረጠበ ድንጋይ ላይ ተራ በተራ ይስላል። እኔ የምነቃው በዚያ ድምፅ ነው። ታጥቤ ስመጣ በመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ የዋንዛ ጣውላ ሲቀርጽ አገኘዋለሁ። በየጥቂት ደቂቃው ቀና ይልና ጣውላውን ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው መስታወት አዙሮ ያየዋል። እንጨት ላይ የተቀረጸ ሥዕል ወረቀት ላይ ሲታተም ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ቀራጩ ሁሉን ነገር ገልብጦ መቅረጽ አለበት፤ ሰውንም፣ ደረጃንም፣ ፊደልንም። መስታወቱ ሥዕሉ ሲታተም ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ያሳየዋል።

እኔም ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ነጠላዬን የማስተካክለው በዚያው መስታወት ነበር። ከፊቱ ስቆም፣ "ሲጌ፣ ዞር በይ፣ ሰልፉን ጋረድሽው" ይለኛል።

ስሜ ጽጌ ነው። አብረን በኖርንባቸው ሃያ ሁለት ዓመታት "ጽ" ከአፉ ወጥታ አታውቅም።

የእሱም ስም ኢያቄም አልነበረም። ከጀርመን ሲመጣ ዮአኪም ይባል ነበር። ለሁለት ዓመት በሙያ ትምህርት ቤት የአናጢነት ንድፍ ሊያስተምር መጥቶ ሳይመለስ ቀረ። የገበያው ሰው ስሙን አላምጦ ኢያቄም አደረገው፤ እሱም ተስማማው። አባቱ ግንበኛ ነበሩ። እናቱ ከጦርነቱ በኋላ ከሌሎች ሴቶች ጋር ተሰልፈው ከፈረሱ ቤቶች ጡብ እየተቀባበሉ ያወጡ ነበር። የመጀመሪያ ሥዕሉ የእነዚያ ሴቶች ክርን ነው።

ለምን እንዲህ ያለ ነገር ብቻ እንደሚስል የጠየቅሁት አንድ ጊዜ ነው።

"እኛ አገር ጦርነቱ ካለቀ በኋላ የጠየቅኋቸው ትልልቅ ሰዎች ሁሉ 'እኛ አላየንም' አሉኝ" አለ። "አንድ ከተማ ሙሉ ሰው፣ ዓይን አለው፣ ግን አላየም። ልጅ ነበርኩ፣ ገረመኝ። ስለዚህ ማየትን ሥራ አደረግሁት።"

በከተማችን ያየውን ይቀርጽ ነበር። ዳቦ ቤቱ እስኪከፈት ቆመው የሚያንቀላፉ ሴቶችን ቀረጸ። በሆስፒታሉ አሳንሰር የሚጫኑት መዝገቦች ብቻ ስለነበሩ ባሏን አዝላ ደረጃውን የምትወጣ ሴት ቀረጸ። የአጣቢዎችን እጅ ቀረጸ። ሲጨርስ አትሞ ከጸጉር አስተካካዩ ከጋሽ ትዛዙ ሱቅ ፊት ለፊት ባለው ረጅም ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል።

ከማተሙ በፊት ግን የማይዘለው አንድ ልማድ ነበረው። ጣውላውንና ትንሽ የእጅ መስታወት ይዞ የሳለው ሰው ዘንድ ይሄዳል። ያሳየዋል። "ይህ አንተ ነህ ወይ?" ብሎ ይጠይቃል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሴቶቹንም "አንተ ነህ ወይ" ይል ስለነበር አጣቢዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር። እማማ ዘርፌ የምትባለው አጣቢ እጇን በመስታወቱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አይታ፣ "እኔ ነኝ። አውራ ጣቴ ግን ከዚህ ይብሳል። ሳሙና የበላውን ቦታ ረስተኸዋል" አለችው። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጨመረበት።

አንድ ተሸካሚ ግን አንዴ "አይ፣ እኔ አይደለሁም" አለ። ሥዕሉ ቁርጥ እሱ ነበር፤ የጆሮው ቅርጽ ሳይቀር። ኢያቄም ቤት መጥቶ መላጊያውን አነሳና የሁለት ሳምንት ሥራውን ልጎ ባዶ ጣውላ አደረገው።

"ሰውዬውኮ ዋሸህ" አልኩት።

"ሊሆን ይችላል። ፊቱ ግን የሱ ነው። 'አይደለሁም' ካለ መውሰድ ስርቆት ነው" አለኝ። በዚያ ጣውላ ላይ በኋላ ሌላ ነገር ቀረጸበት።

ይህን የምጽፈው በቁጣ ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ፊዚክስ ነውና ቁጣዬንም እንደ ተማርኩት በቅደም ተከተል አስቀምጠዋለሁ።

ምክር ቤቱ ስለ ግድግዳው ሥዕሎች ሦስት ቀን ተሰበሰበ። ሊከለክላቸው አልፈለገም። ከተማችን ምንም ነገር የማትከለክል ከተማ መሆኗ መግቢያዋ ላይ በቆመው ሰሌዳ ተጽፏል። ስለዚህ አንድ ደንብ አወጣ፦ የተራበ፣ የሚያነክስ ወይም ተሰልፎ የቆመ ሰው የሚታይበት ማንኛውም ሥዕል ከግርጌው "ይህ የእኛ ከተማ አይደለም" የሚል ማኅተም ይመታበት። ደንቡን የሚያስፈጽም የምስል ሹም ተሾመ። አቶ ጓንጉል ይባላሉ፤ ቀደም ሲል የሚዛን ሹም ነበሩ። የማተሚያ ቀለምና ወረቀትም ከእሳቸው ቢሮ ካልሆነ ከሌላ ቦታ እንዳይገኝ ተደረገ።

ማኅተሙን የቀረጸው የአቶ ጓንጉል የእህት ልጅ ነው። ትጉህ ሰው ነው፤ ፊደሎቹን አሳምሮ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ልክ እንደሚነበቡት አድርጎ ቀረጻቸው። በምረቃው ቀን መጋረጃ ተገለጠ፤ አቶ ጓንጉል ማኅተሙን ቀለም ነክረው በኢያቄም የዳቦ ቤት ሰልፍ ግርጌ መቱት። ሲያነሱት ወረቀቱ ላይ የወጣው እንዲህ ይላል፦

ምለደይአ ማተከ ኛእየ ህይ።

እያንዳንዱ ፊደልም ራሱ ዞሮ ነበር። አቶ ጓንጉል መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

"ውብ ነው" አሉ።

"እጅግ ውብ ነው" አሉ ምክትላቸው።

ከዚያ በኋላ ማኅተሙ ተሳስቷል ማለት አልተቻለም። በማግስቱ አዲስ ስለሆነና ስላማረ በሹመት ደብዳቤዎች ላይ ሁሉ መመታት ጀመረ። የመጀመሪያው ደብዳቤ የእህታቸው ልጅ ሹመት ነበር፤ ሁለተኛው የራሳቸው።

ጋሽ ትዛዙ ከሱቃቸው በር ላይ ቆመው ግድግዳውን ለማንበብ ሲታገሉ አይቻቸዋለሁ። ምላጩ በእጃቸው ነው፤ ግማሽ ፊቱ የተላጨ ደንበኛ ከኋላቸው ቆሟል።

"ምለደይአ ማተከ" አሉ ጮክ ብለው። "እትዬ ጽጌ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት። ይህ የየት አገር ቋንቋ ነው?"

"የየትም አይደለም፣ ጋሽ ትዛዙ። ተገልብጦ ነው።"

"እኔማ ድግምት መስሎኝ ሦስቴ ደግሜው ነበር። አሁን ጸጉሬ ይረግፋል ወይስ ይበቅላል?"

"መጀመሪያ የእኔን ጉንጭ ጨርስና ትደግማለህ!" አላቸው ደንበኛው።

በሳምንት ውስጥ ቃሉ የሁሉም ሰው ቃል ሆነ። የዳቦው ሰልፍ ሲረዝም ሴቶቹ "ዛሬስ ማተከ ነው" ይላሉ፤ አለ፣ ግን የለም ማለታቸው ነው። ሐኪሙ መድኃኒት ሳይኖረው ሲቀር "ማተከ ልጻፍልሽ?" ይላል። አንድ ሰው ሲርበው "ማተከ ያዘኝ" ይላል። ከተማችን ራሷ ማተከ ተባለች፤ ቀድሞ ምን ተብላ ትጠራ እንደነበር ዛሬ ለማስታወስ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል።

አንድ ቅዳሜ ጋሽ ትዛዙ የሱቃቸውን ትልቅ መስታወት ነቅለው፣ ተሸክመው ወጡና ግድግዳው ፊት ለፊት አቆሙት። በመስታወቱ ውስጥ ማኅተሙ ጥርት ብሎ ተነበበ፦ ይህ የእኛ ከተማ አይደለም። ግን መስታወት የሚያሳየው የተፈለገውን ነገር ብቻ አይደለም። ከጽሑፉ በላይ ሥዕሉ ነበር፤ በሥዕሉ ዙሪያ ደግሞ ሊያነቡ የተሰበሰቡት ሰዎች ሁሉ፣ ከነመሶባቸው፣ ከነከዘራቸው፣ ተሰልፈው።

"እንዴ፣ እኔ ነኝ እኮ!" አለች እማማ ዘርፌ።

"የእኛ ከተማ አይደለም ይላል። አንቺ ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" አላት ከተሰበሰቡት አንዱ።

"እንግዳ ነኛ! ምሳ የሚጋብዘኝ አጣሁ!"

እንደዚያ ያለ ሳቅ በዚያ አደባባይ ሰምቼ አላውቅም። ኢያቄም ከእኔ አጠገብ ቆሞ ነበር። አልሳቀም፤ ሰዎቹን አንድ በአንድ እያየ ነበር። እሱ መሳቅ ሲገባው ያይ ነበር።

ሰኞ ዕለት ሁለት ትሑት ሰዎች መጡ። "ለአምስት ደቂቃ ነው" አሉ። ሠላሳ አራት ቀን ወሰዱት።

ክሱ ፊደል መገልበጥ ነው። በከተማችን ገልብጦ በመቅረጽ የሚታወቅ ሰው እሱ ብቻ ስለሆነ፣ የተገለበጠ ነገር ሁሉ የእሱ ሥራ ነው ተባለ። ያሰሩት በድሮው የበረዶ ፋብሪካ ምድር ቤት ነበር፤ ወለሉ ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ነው። ስድሳ አንድ ዓመቱ ነበር፤ ሳንባው ከድሮም ደካማ ነው። ምግብ በየቀኑ አመላልስ ነበር። ጠባቂው ዳቦውን ለሁለት ይቆርሰዋል።

"ምን ፈልገህ ነው?" አልኩት አንድ ቀን።

"መስታወት" አለኝ። አፍሮ ነበር።

በሃያኛው ቀን በፍርግርጉ በኩል ሲያናግረኝ ሳሉ ቃሉን ቆራረጠበት። "ቱሩ ነው፣ ሲጌ። ቱሩ ነው" አለኝ። ጥሩ እንዳልሆነ ያወቅሁት ሁለቴ ስላለው ነው።

በሠላሳኛው ቀን አቶ ጓንጉል ቢሯቸው አስጠሩኝ። ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። ልጃቸውን አስተምሬ ስለነበር ሲያናግሩኝ ያከብሩኛል።

"መምህርት፣ ምክር ቤቱ ተጨንቋል" አሉ። "ግድግዳው ላይ ስሕተት አለ። ይህን ሁላችንም እናምናለን። ሦስት ነገሮች አሉ፤ ማኅተሙ፣ ሥዕሉ፣ መስታወቱ። ከሦስቱ አንዱ ተሳስቷል። ማኅተሙ አይሳሳትም። ተሳስቷል ካልን እኔ የምስል ሹም አይደለሁም፤ ይህም ቢሮ አይደለም፤ እርስዎም እዚህ አልተቀመጡም ማለት ነው። ሥዕሉ ተሳስቷል ካልን ባለቤትዎ እዚያው ይቆያሉ። ሳላቸውን ሰምቻለሁ፤ ደስ አይልም።"

"ስለዚህ?"

"የቀረው መስታወቱ ነው።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "መስታወት ሚስት የለውም፣ መምህርት። ባለሙያ ሆነው አንድ ዐረፍተ ነገር ይመስክሩልን። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ናቸው።"

መስታወት የመጣለትን ብርሃን በመጣበት ማዕዘን ልክ ይመልሳል። አይጨምርም፤ አይቀንስም። ይህን አሥራ ዘጠኝ ዓመት አስተምሬአለሁ። በፈተና ላይ ይህን የሳተ ተማሪ ነጥብ ቆርጬበታለሁ።

ለአራት ቀን አሰብኩበት። በእነዚያ አራት ቀናት ወለሉ አልደረቀም። ያን ማዘግየቴን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ አሁን ጻፍኩት።

የምስክርነቱ ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከፊት ረድፍ ተማሪዎቼ ተቀምጠዋል፤ ትምህርት ነው ተብለው መጥተው ነው። አንድ መስታወት ቀረበ፤ የእኛ ቤት መስታወት መሆኑን ከጥጉ ስንጥቅ አወቅሁት። አቶ ጓንጉል ከፊቱ ቆሙ።

"ጉባኤው ይመልከት" አሉ። "እኔ ኒሻኔን ያደረግሁት በግራ ደረቴ ነው። ደንቡም በግራ ነው። እዚያ ውስጥ ያለው ሰውዬ ግን በቀኝ አድርጓል። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት?"

"በጭራሽ!" አለ አዳራሹ።

"ደግሞ እኔ ቀኝ እጄን ሳነሳ እሱ ግራውን ያነሳል። ሹም ላይ ያሾፋል። እንግዲህ ሳይንስ ምን ይላል፣ መምህርት ጽጌ?"

ተነሳሁ። "መስታወት ይሳሳታል" አልኩ።

ሁለት ቃል ነው። ጸሐፊው አጻጻፉን ጠየቀኝና ነገርኩት። ፈረምኩ። ማኅተሙን መቱበት።

ኢያቄም በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጣ። ክንዱን ይዤ በእግር ወደ ቤት ስንሄድ በየመቶ እርምጃው እንቆም ነበር።

"ምን ብለሽ ነው?" አለኝ።

ነገርኩት። ረጅም ጊዜ ሳለ። ከዚያ፣ "መስታወት አያመውም" አለ፤ እጄን ጨበጥ አድርጎ። ይዤው የመጣሁትን ውሸት በዚያች ቃል እንደዘጋልኝ አሰብኩ፤ አልተዘጋም።

በሚቀጥለው ሳምንት አዋጁ ወጣ። የከተማዋ የተከበረች የፊዚክስ መምህርት በሰጠችው ምስክርነት መሠረት፣ መስታወት ሁሉ ሕዝብን ስለሚያሳስት ይሰብሰብ ይላል። ተሰበሰበ። የልብስ ሰፊዎች መስታወት፣ የሙሽሮች መስታወት፣ የመኪና ስፖኪዮ። ሾፌሮች ከኋላ ወንበር ላይ ወደ ኋላ ዞሮ የሚቀመጥ ሰው ይቀጥሩ ጀመር፤ ኋላ ተመልካች ይባላል፤ ዛሬ የራሱ ማኅበር አለው። ሰው መልኩን ማወቅ ሲፈልግ ወደ መልክ ነጋሪ ይሄዳል። መልክ ነጋሪዎች ፈቃድ ያላቸው የቢሮው ሠራተኞች ናቸው፤ ሁሉንም ሰው አምሮብሃል ይሉታል። ፊቷ ላይ ቁስል የወጣባት አንዲት ሴት "አምሮብሻል" ተብላ ወደ ቤቷ ተመልሳ ሳትታከም ሞተች። የሞተችው አምሮባት ነው ተብሎ ተመዘገበ።

ከደንበኛው ጀርባ ቆመው በመስታወት እያዩ መሥራት የለመዱት ጋሽ ትዛዙ በጭፍን መላጨት ጀመሩ።

"እትዬ ጽጌ፣ ትናንት አንዱን ፂሙን ላስተካክል ብዬ ቅንድቡን ወሰድኩት" አሉኝ መንገድ ላይ። "ነጋሪው ጋ ሄዶ 'አምሮብሃል' ተባለ። ሰውዬው አመነ። እኔ ነኝ ያፈርኩት።" ሲናገሩ ዓይኔን አላዩም። ከዚያ ወዲህ በዚህ ከተማ ብዙ ሰው ዓይኔን አያይም፤ ባለሥልጣኖቹ ግን ቆብ ያነሱልኛል።

የመማሪያ መጽሐፉም ተለወጠ። ስለ ብርሃን የሚናገረው ምዕራፍ ተቀዶ ወጣና በቦታው አንድ መስመር ገባ፦ "መስታወት ይሳሳታል (የመምህርት ጽጌ ምስክርነት)"። ያንን አስተማርኩ። ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። ከመሃል ረድፍ የምትቀመጥ ርብቃ የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ውሃስ ይሳሳታል?"

መልሱን የማያውቅ አንድም ተማሪ አልነበረም።

"ክፍለ ጊዜው አልቋል" አልኩ። ሃያ ደቂቃ ቀርቶት ነበር።

ጥያቄው እንዴት ቢሮው እንደደረሰ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ በአደባባዩ የውሃ ገንዳ ዳር አንድ ሠራተኛ ተቀጥሮ ከጠዋት እስከ ማታ ውሃውን በዱላ ያማስላል።

የኢያቄምን ጣውላዎች አልወሰዷቸውም። ተገልብጠው የተቀረጹ ስለሆኑና መስታወት ስለሌለ ማንም ሊያነባቸው አይችልም ብለው ተዉአቸው። ቀለምና ወረቀት ግን ከለከሉት። ግድግዳው ላይ የነበረው መስታወታችን ከአዳራሹ አልተመለሰም። ሚስማሩ ብቻ ቀረ።

አንድ ሳምንት ያህል መሮዎቹን እየሳለ ብቻ ተቀመጠ። አንድ ጠዋት፣ "ሲጌ፣ ኩጭ በይ" አለኝ። ከፊት ለፊቱ፣ ከሚስማሩ ሥር ወንበር አስቀምጦልኛል። "አንቺ ንገሪኝ።"

ስለዚህ መስታወቱ እኔ ሆንኩ። ጣውላውን ወደ እኔ አዙሮ ይይዘዋል፤ እኔ በአእምሮዬ ገልብጬ የማየውን እነግረዋለሁ። የግራ ትከሻዋ ወርዷል። ባልዲው ወደ ኋላ ሸሽቷል። ሦስተኛው ሰው ተኝቷል እንጂ አላዘነም። ሃያ ሁለት ዓመት ከገልባጭ ጋር የኖረ ሰው የተገለበጠን ነገር በቀላሉ ያነባል። ዓይኖቹ እየደከሙ፣ ሳሉ እየባሰ፣ አምስት ጣውላ በዚህ ዓይነት ጨረስን። በሕይወቴ ያን ያህል እውነት የተናገርኩባቸው ወራት የሉም፤ የሚሰማኝም እሱ ብቻ ነበር።

ስድስተኛውን ግን አላሳየኝም። "ይህን ብቻዬን" አለ። ሦስት ሳምንት ፈጀበት። በየመሃሉ አልጋ ላይ ጋደም ይል ነበር።

አንድ ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ጠራኝ። አልጋው ላይ ትራስ ተደግፎ ጣውላውን ጉልበቱ ላይ አቁሞታል።

አዳራሽ ነው። ረጅም ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ጀርባ ፊት የሌላቸው ኒሻኖች። መሃል ላይ አንዲት ነጠላ የለበሰች ሴት ቆማለች። አፏ ሊዘጋ ሲል ነው የተያዘው፤ አንድ ነገር ተናግራ ጨርሳለች፤ ቃሉን መመለስ እንደማይቻል ገብቷታል። አንድ እጇ ነጠላዋን ጨብጧል። ያን ዕለት ነጠላዬን ጨብጬ እንደነበር ለማንም አልነገርኩም፤ እሱ ደግሞ ምድር ቤት ነበር። በሴትየዋ ፊት ላይ ክፋት አልነበረም። ፍርድም አልነበረም። እማማ ዘርፌን ባየበት ዓይን ነበር ያያት፤ ሳሙና የበላውን ቦታ ሳይረሳ።

እጄ ላይ የፈተና ወረቀት ይዤ ነበር።

"ይህ አንቺ ነሽ ወይ?" አለኝ።

"ነሽ" ያላት ጥርት ብላ ነበር። ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ሴትን በሴት መጥራት አንድም ጊዜ አይሳሳትም ነበር።

"አይደለሁም" አልኩት።

አየኝ። ጊዜ ሰጠኝ። ወደ መስኮቱ ዞር ብሎ ሻዩን ፉት አለና እንደገና ወደ እኔ ተመለሰ። እኔ ግን ሰዓት ይረፍድብኛል አልኩና ወጣሁ።

ማታ ስመለስ ወለሉ በዋንዛ ፍቅፋቂ ተሞልቶ ነበር። መላጊያውን ለመግፋት አቅም ስላልነበረው ቀኑን ሙሉ ፈጅቶበታል። ጣውላው ነጭ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። እሱ ተኝቷል። ፍቅፋቂውን ጠረግሁ። ከጥቅልሎቹ በአንዱ ላይ የነጠላዬ ጥለት ቁራጭ ነበር፤ እሱንም ጠረግሁት። ለምን እንዳስቀረሁት አትጠይቁኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አላስቀረሁትም።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ሞተ። ጠዋት ነበር፤ የነቃሁት ድምፅ ስላልሰማሁ ነው።

ጋሽ ትዛዙ መጥተው ላጩት። ምንም ሳያቆስሉ፣ በጣታቸው እየዳሰሱ፣ ቀስ ብለው። ሲጨርሱ ወደ ኋላ ራቅ ብለው አዩት። "ጋሽ ኢያቄም ያለ ነጋሪ አማረበት" አሉ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አዩኝ። "እትዬ ጽጌ፣ እኔም ብሆን እልላቸው ነበር" አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ነው። አልቻሉም፤ ቢሆንም አመሰግናቸዋለሁ።

የሞት ወረቀቱን ያመጣሁት ከአቶ ጓንጉል ቢሮ ነው። የሞተበት ምክንያት በሚለው ቦታ "ዕድሜ" ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ማኅተሙ ተመቷል። የመቃብር ጠባቂው ወረቀቱን ገለባብጦ አየውና፣ "እመቤቴ፣ ይህ ምን ይላል?" አለኝ።

እኔ ያለ መስታወት አነበዋለሁ። ይህ የእኛ ከተማ አይደለም ይላል።

"ማተከ ይላል" አልኩት።

"እንግዲያውስ የኛው ነው" አለና መቆፈር ጀመረ።

ማስተማር ትቻለሁ። አቶ ጓንጉል ኒሻን ሊሰጡኝ ደብዳቤ ልከው ነበር፤ በየትኛው ደረት እንደሚደረግ ጠይቄ መለስኩላቸው፤ እስካሁን ምክር ቤቱ እየተነጋገረበት ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እነቃለሁ። ውሃ እጥዳለሁ። ከሚስማሩ ሥር ያለው ወንበር ላይ እቀመጥና ጣውላዎቹን አንድ በአንድ ጉልበቴ ላይ አቁሜ አነባቸዋለሁ። እማማ ዘርፌ አለች። ባሏን ያዘለችው ሴት አለች። ቆመው የሚያንቀላፉት ሁሉም አሉ፤ አንድም አልጎደለም።

መደርደሪያው ላይ አርባ አንድ ጣውላ አለ። የመጨረሻው ባዶ ነው፤ ከሌሎቹ በአንድ ጣት ውፍረት ይሳሳል። የጎደለው ያ ነው።